ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ይወድቃሉ፦ አስተማመራችን ላይ ምን ይቀየር? (ደሴ፣ 9ኛ ክፍል ሒሳብ)

ጠመኔ_አራዳ (ጥቅምት 11፣ ማታ 2:15)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ጥያቄው ስለ 9ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ሌላ ትምህርት የምታስተምሩም ግቡበት፣ ችግሩ የሒሳብ ብቻ አይመስለኝም።

ደሴ ውስጥ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል አስቡ፦ 62 ተማሪ፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢባልም ስም መጥራትና ጸጥ ማሰኘት አምስቱን ይበላዋል። አሠራሩ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ማስታወሻ ይጻፋል፣ ይብራራል፣ ሁለት ምሳሌ ይሠራል፣ ከመጽሐፉ መልመጃ ይሰጣል። የዚያን ቀን ከአሥሩ ጥያቄ ስምንቱን የሚመታ ተማሪ ብዙ ነው። «ገባችሁ?» ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፈተና ሲመጣ ግን 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ቢባል 2/5 ብሎ የሚጽፈው ግማሽ ክፍል ይሆናል።

የሚበላሸው የቱ ጋ ነው? ማብራሪያው ላይ፣ መልመጃው ላይ፣ ወይስ ልጆቹ አያጠኑም ብለን እንዝጋው? «ተማሪ ተኮር አድርጉት» የሚለውን ምክር በየስልጠናው ሰምተነዋል። 62 ልጅ ላይ እንዴት እንደሚደረግ ደቂቃ በደቂቃ የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው።


ሸዋ_በር (ማታ 2:40)

አያጠኑም ወንድሜ፣ ነገሩ ይኸው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ልጅ ማብራሪያ ተበላሽቶበት ነው? ማታ ማታ ደብተሩን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ ቢያነብ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።


ጦሳ_ግርጌ (ማታ 3:30)

ሸዋ በር፣ ጥናት ይጎድላል ያሉት እውነት ነው። «ደብተሩን ደጋግሞ ቢያነብ» ያሉት ግን ራሱ የችግሩ አካል ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ሙከራ አለ። አንደኛው ወገን አንድ ምንባብ ሁለት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንዴ አንብቦ፣ ወረቀቱን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ሁሉ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ሁለቴ ያነበቡት በለጡ፣ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን 42 ለ56 ሆኖ ተገለበጠ። ደጋግሞ ማንበብ ነገሩ የታወቀ እንዲመስል ያደርጋል፤ የሚያጸናው ዘግቶ ከራስ ለማውጣት መታገል ነው።

ጠመኔ፣ የእርስዎም ክፍል ችግር ከዚሁ ዘር ነው። ትኩሱን መሥራት መቻል ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመቻል ምስክር አይሆንም። «ገባችሁ?» ደግሞ ጥያቄ አይደለም፣ «አዎ» ተብሎ የሚመለስ ሰላምታ ነው።

ደቂቃ በደቂቃ ከተባለ እንዲህ ይሁን።

የመጀመሪያው 7 ደቂቃ፦ ሲገቡ ሰሌዳው ላይ አራት አጭር ጥያቄ ተጽፎ ይጠብቃቸው። አንዱ ከትናንት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር፣ አራተኛው የዛሬው ትምህርት የሚቆምበት መሠረት። ደብተር ዝግ፣ ማርክ የለም። ስም የሚያዘው በዚህ ሰዓት ነው፤ የመቀመጫ ሰንጠረዥ ተይዞ ባዶ ቦታ ይታያል እንጂ አይጠራም። ያቺ የተበላችው አምስት ደቂቃ እዚህ ትመለሳለች። መልሱ ሰሌዳ ላይ ሲሠራ እያንዳንዱ የራሱን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ያርማል።

ቀጥሎ 10 ደቂቃ ተሠርቶ የቀረበ ምሳሌ፣ 8 ደቂቃ በከፊል የተሠራ ጥያቄ፣ 10 ደቂቃ ብቻቸውን፣ መጨረሻው 5 ደቂቃ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ።

መሀሉ ላይ ልቆይ፣ አብዛኛው ክፍል የሚሰበረው እዚያ ነውና። መምህሩ ሁለት ምሳሌ ሠርቶ ወዲያው ወደ መልመጃ ሲዘል ተማሪው ደረጃ የሌለው ፎቅ ውጣ ተብሏል። 3/4 + 1/6ን እንውሰድ። መጀመሪያ ሙሉው ይሠራል፦ ትንሹ የጋራ ብዜት 12፣ ስለዚህ 9/12 + 2/12 = 11/12። ተማሪው እንዲገለብጥ አይታዘዝም፤ «12 ከየት መጣ? 3ቱ ለምን 9 ሆነ? ታህቶቹን ለምን አልደመርናቸውም?» ተብሎ ይጠየቃል። ሁለተኛው ጥያቄ 2/3 + 1/5 ይሁን፤ 15 ተሰጥቷል፣ 10/15ም ተጽፏል፣ ቀሪውን ላዕልና ድምሩን ይሞላል። ሦስተኛው 5/6 + 1/8፤ እዚህ 24ን ራሱ ያገኛል፣ የመጀመሪያው መስመር ቅርጽ ብቻ ተጥሎለታል። አራተኛው ባዶ። በየጥያቄው አንድ እርምጃ ከመምህሩ ወደ ተማሪው ይሻገራል።

ይህ ለምን ይሠራል ቢባል፣ ሰው አዲስ ነገር ሲያስብ በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ጥቂት ነው፣ አራት ነገር ገደማ። ጀማሪ ባዶ ጥያቄ ሲሰጠው ያ ቦታ መንገድ በመፈለግ ይሞላና ዘዴውን ልብ የሚልበት አይተርፈውም። ስዌለርና ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1985 በአልጀብራ ያሳዩት ይህንኑ ነበር፤ ምሳሌ ያጠኑት ልጆች ያንኑ ሁሉ ጥያቄ ከባዶ ከሠሩት ይልቅ በአጭር ጊዜ ጨርሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣም ጥቂት ተሳሳቱ። ግን ልብ በሉ፣ ዘዴውን አስቀድሞ ለያዘው ጎበዝ ምሳሌ ሸክም ነው። እሱን ሁለተኛው ላይ አስቁሞ አራተኛውን መስጠት።


ሰኞ_ገበያ (ማታ 4:05)

ሐሳቡ ጥሩ። ግን አምስት ክፍል የያዘ መምህር በየቀኑ 300 ቁራጭ ወረቀት ሊያርም ነው? ወረቀቱስ ከየት ይመጣል? ስልጠና ላይ የሚነገረን ሁሉ 25 ተማሪ ላለው ክፍል የተቆረጠ ልብስ ነው።


ጦሳ_ግርጌ (ማታ 4:20)

አይታረምም፤ ይከመራል። አንዱን ኤ4 ወረቀት ለስምንት ከቆረጡት ለ62 ልጅ 8 ወረቀት ይበቃል። በአንዱ ገጽ ብቻ የተጻፈበት አሮጌ የፈተና ወረቀትም ይሆናል። ሲሰበሰብ ሦስት ክምር ነው የሚሠራው፦ የመታ፣ መንገዱን ይዞ ስሌት የሳተ፣ መንገዱን ያጣ። በአንድ ወረቀት ላይ አሥር ሰከንድ ከቆዩ ክፍሉ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ሦስተኛው ክምር ከሲሶ ካለፈ ነገ አዲስ ርዕስ አይጀመርም። ካላለፈ እነዚያን ልጆች ብቻ በግል ሥራው ሰዓት ወደ ፊት ዴስክ መጥራት ነው። በየቀኑም አያስፈልግም፤ ለአንድ ክፍል በሳምንት ሁለቴ ይበቃል፣ በቀረው ቀን ጣት ማሳየት።

ማርክ እንዳይጻፍበት አደራ። ሩት በትለር እስራኤል ውስጥ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣችው አለ፤ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸው ልጆች በተከታዩ ሥራ ተሻሻሉ፣ ማርክና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸው ግን ማርክ ብቻ እንደተሰጣቸው ሆኑ። ቁጥሯን አይተው ጽሑፉን ይተዉታል ማለት ነው። እኛ ጋ ተከታታይ ምዘና የተባለው ከአምስት፣ ከአሥር እየተባለ ውጤት መሰብሰቢያ የሆነው በዚህ ነው፤ ልጁ 3 ከ5 አመጣሁ ይላል እንጂ ምን እንዳልገባው አያውቅም።


ሐረጎ (ጥቅምት 12፣ ጠዋት 1:10)

ከኮምቦልቻ ነው፣ ፊዚክስ። «ጣት ማሳየት» የተባለችውን ላስፋት፤ ለትልቅ ክፍል ከእሷ የሚሻል አላውቅም።

የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የሠራበት ዘዴ ነው። ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ማብራሪያ፣ ከዚያ አንድ ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ። ተማሪው አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻውን ያስባል፣ ወሬ የለም። በምልክት ሁሉም በአንድ ጊዜ ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ያሳያል፤ አንድ ጣት ሀ፣ ሁለት ለ፣ እንዲህ እያለ። ደረቱ ላይ የተባለው ከኋላ ያለው እንዳያይበት ነው። መምህሩ በዓይኑ ይገምታል። ትክክለኛውን የመረጠው ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ውይይት ዋጋ የለውም፣ የሚያውቅ ስለሌለ ስህተቱን ይባዛሉ፤ እንደገና ይብራራ። ከ70 በላይ ከሆነ ባጭሩ አብራርቶ ማለፍ። በመሀል ከሆነ ግን «ከአንተ የተለየ መልስ ያለውን ጎረቤት ፈልግና አሳምነው» ይባላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ድጋሚ ጣት፣ ከዚያ ማብራሪያ።

ሁሉ ነገር የሚቆመው ጥያቄው ላይ ነው። ስሌት የሚፈልግ ጥያቄ አይሆንም። ለምሳሌ፦ ሐረጎ ዳገት ላይ ሲኖትራክና ባጃጅ ፊት ለፊት ቢጋጩ፣ በግጭቱ ቅጽበት በሌላው ላይ የበለጠ ኃይል የሚያሳርፈው የቱ ነው? ሀ. ሲኖትራኩ፣ ለ. ባጃጁ፣ ሐ. እኩል ነው፣ መ. የበለጠ የፈጠነው። የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በቃሉ የሚያነበንብ ተማሪ ሀን ይመርጣል። ኃይሉ እኩል ነው፤ የባጃጁ ክብደት ትንሽ ስለሆነ ፍጥነቱ በቅጽበት ይገለበጣል፣ የሚጨማደደውም ለዚህ ነው። ሌላ፦ ደሴ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? መጽሐፉ 100 ስላለ 100 ይላሉ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ 92 አካባቢ ነው፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ታች ኮምቦልቻ 94 ገደማ ይሆናል። ባቄላው ደሴ ላይ ለምን እንደሚዘገይ እናቶቻቸው ያውቃሉ፤ ልጆቹ ከግፊት ጋር ሲያያይዙት ነው ትምህርት የሚሆነው።

የሚያበላሹት፦ መምህሩ ከመጀመሪያው የጣት ምርጫ በኋላ ፊቱን ማፍካት (ልጆች ፊት ያነባሉ)፣ የሐሳቡን ጊዜ መቁረጥ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ አምስት ጥያቄ መደርደር። ሁለት ይበቃል፣ ቢበዛ ሦስት።


ጠመኔ_አራዳ (ጠዋት 1:45)

ሐረጎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለሒሳብ አማራጮቹን እንዴት ልምረጥ? ሦስት የተሳሳተ ቁጥር ዝም ብሎ መጻፍ ይሆንብኛል።


ሐረጎ (ጠዋት 2:00)

እያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ የአንድ የታወቀ ስህተት ልጅ መሆን አለበት። የእርስዎኑ 1/2 + 1/3 ይውሰዱ። ሀ. 2/5፣ ላዕሉንም ታህቱንም የደመረ። ለ. 5/6፣ ትክክል። ሐ. 1/6፣ ያባዛ። መ. 2/6፣ ታህቱን 6 አድርጎ ላዕሎቹን ሳይቀይር የደመረ። አሁን ጣት ሲነሳ ስንቱ እንደሳተ ብቻ ሳይሆን የት እንደሳተ ይታያል። ሀ እና መ አንድ ዓይነት ሕክምና አይፈልጉም። ሀ ክፍልፋይ ምን እንደሆነ አልያዘም፤ ግማሽ ዳቦ ላይ ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ ያነሰ ይሆናል ብሎ መጠየቅ ነው፣ 2/5 ከ1/2 ያንሳልና። መ ግን እኩል ክፍልፋይ መፍጠርን ብቻ ነው የረሳው።


ቦርከና (ጠዋት 3:20)

የቡድን ሥራውስ? አንድ ለአምስት ተደራጅተው እየሠሩ አይደል?


ሰኞ_ገበያ (ጠዋት 3:35)

አንድ ለአምስት ማለት አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ ማለት ነው።


ጦሳ_ግርጌ (ጠዋት 4:15)

ሰኞ ገበያ ቀልደው ነው የተናገሩት፣ ግን ትክክለኛው ስም ነው። ቡድን የሚበላሽባት አንዲት ቦታ አለች፦ ሥራው በቡድን ተሰጥቶ መልሱም በቡድን ሲሰበሰብ። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ እያንዳንዱ በራሱ ደብተር ይጀምራል፤ ባዶ ደብተር ይዞ ወደ ውይይት መግባት የለም። ቡድኑ ከአምስት ይልቅ ሦስት ይሁን፣ ዴስኩ ራሱ ሦስት አስቀምጦላችኋል፣ ወንበር መጎተት የለም። ከዚያ መምህሩ በዕጣ አንዱን ይጠራል። እጅ ያወጣውን አይጠራም። የክፍሉን ቁጥር ከ1 እስከ 62 በትንንሽ ወረቀት ጽፎ በፌስታል መያዝ ይበቃል። ማን እንደሚጠራ ካልታወቀ ጎበዙ ለሌሎቹ ማስረዳት ግዴታው ይሆናል።

ስትጠሩ ደግሞ አትቸኩሉ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይታለች። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያሳድጉት መልሱ ይረዝማል፣ ዝም ይል የነበረውም ይናገራል። ስም ከጥያቄው በፊት ከተጠራ 61ዱ ያርፋሉ፤ ጥያቄው ይቅደም፣ ዝምታው ይከተል፣ ስሙ መጨረሻ ይምጣ።


ሸዋ_በር (ቀን 6:30)

እሺ፣ ተሸነፍኩ እንበል። ግን ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር አዲስ ነው ወይ?


ገራዶ (ቀን 7:05)

አንቱ ልጅ፣ አዲስ አይደለም። እዚሁ ወሎ ውስጥ ደረሳው፣ የቁርኣን ተማሪው፣ ሎህ በተባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ሸምድዶ፣ ሸሁ ፊት ቁጭ ብሎ በቃሉ ያወርድ ነበር፤ ሳያወርድ ሎሁ አይታጠብም፣ ቀጣዩም አይጻፍም። የቄስ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ትናንት የተቀበለውን ሳያሰማ ወደፊት የለም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል። መምህር አካለ ወልድ ቦሩ ሜዳ ላይ ሲያስተምሩ ተማሪ ደብተር ገልብጦ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ከራስ ማውጣቱም፣ ሳይጨርሱ አለማለፉም እኛው ዘንድ ነበር። ያስቀረነው ዘመናዊ ነን ብለን ነው።


ጦሳ_ግርጌ (ቀን 7:40)

ጋሼ ገራዶ፣ በዚህ እስማማለሁ፣ በአንድ ነገር ግን አልከተልዎትም። እዚያ የሚፈለገው ቃሉ እንዳለ እንዲወጣ ነው፣ ለዚያ ዓላማ ወደር የለውም። ሒሳብ ላይ ግን ልጁ ያላየው ጥያቄ ይመጣበታል። ቃል በቃል ማውጣት ብቻ ከሆነ «ታህት ታህትን አይደመርም» ብሎ በዜማ የሚያነበንብና 2/5 የሚጽፍ ልጅ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከራስ ከማውጣቱ ሌላ መደባለቅ ያስፈልጋል።

መጽሐፉን ግለጡት። መልመጃው ሁሉ በርዕስ የታሰረ ነው፦ ይህ ገጽ መደመር፣ ያኛው ማባዛት። ተማሪው የትኛውን ዘዴ ልጠቀም ብሎ ሳያስብ ይሠራል፣ ርዕሱ ነግሮታልና። ፈተና ላይ ርዕስ የለም። ሮረርና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ሙከራ አራት ዓይነት ጥያቄ በዓይነት በዓይነቱ የሠሩትንና ደባልቀው የሠሩትን አነጻጸረ። ልምምዱ ላይ በዓይነት የሠሩት 89 በመቶ አገኙ፣ የደባለቁት 60። ከሳምንት በኋላ ፈተናው ላይ የመጀመሪያዎቹ 20፣ የደባለቁት 63። የእርስዎ ክፍል ታሪክ ይኸው ነው ጠመኔ፣ በቁጥር።

ለመደባለቅ አዲስ መጽሐፍ አያስፈልግም። ለቤት ሥራ 12 ጥያቄ ቢሰጥ አራቱ ከዛሬው፣ ስምንቱ ከቀደሙት ምዕራፎች ይሁኑ፤ ገጽና ቁጥራቸው ብቻ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ተመሳሳይ ሁለት ጥያቄ አይከታተል። የሚሳሳቱበት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን መደባለቅ ነው። አዲሱን ዘዴ ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ ለብቻው ሳይሠራ የተደባለቀበት ልጅ ምንም አይለይም፣ ይታክተዋል።


ቦርከና (ማታ 12:20)

ተማሪዎቹ ግን አይወዱትም። «አስተማሪው አያስተምርም፣ እኛኑ ያሠራናል» ይላሉ። ወላጅም ደብተሩን ገልጦ ማስታወሻ ካላየ ይመጣል።


ሐረጎ (ማታ 12:45)

ይላሉ፣ የታወቀ ነው። ሃርቫርድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ይህንኑ ለካው። እየሠሩ የተማሩት በፈተና በለጡ፤ ሲጠየቁ ግን ብዙ የተማርን የሚመስለን ያማረ ሌክቸር ስንሰማ ነው አሉ። መታገል ያለመማር ምልክት ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አሥር ደቂቃ ወስዶ ለምን እንዲህ እንደሚደረግ መንገር፣ ጦሳ ግርጌ ያመጧቸውን 20 እና 63 ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይጠቅማል። ውጤቱን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በፍሪማንና ባልደረቦቹ 225 ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ በንግግር ብቻ በተሰጡ ኮርሶች የወደቀው 33.8 በመቶ፣ ተማሪ በሚሠራባቸው 21.8 ነበር። ዩኒቨርሲቲ ላይ ነው፣ 9ኛ ክፍልን አይመለከትም ሊባል ይችላል፤ እኔ ግን ለ9ኛ ክፍልም ይሠራል ባይ ነኝ።

ለወላጅ፣ የማስታወሻው ነገር ቀላል ነው። ሰሌዳው ለሦስት ይከፈል። ግራው ሲሶ በክፍለ ጊዜው ሁሉ አይጠፋም፦ ርዕስ፣ አዲስ ቃላት፣ አንድ ሙሉ ምሳሌ። መሀሉ የሚሠራበት፣ ቀኙ የሚጠፋ። ሲብራራ «እስክሪብቶ አስቀምጡ»፤ ሲገለበጥ መምህሩ ዝም። እየጻፈ የሚያዳምጥ ልጅ አንዱንም አይዝም። ደብተር ላይ የሚገባው ግራው ሲሶ ነው፣ ወላጅ ያያል።


ሮቢት_ማዶ (ማታ 1:30)

ስለ ቋንቋው ማንም አላነሳም። 9ኛ ክፍል ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ነው። የቃል ጥያቄ ላይ የሚወድቀው ልጅ ግማሹ ሒሳብ አይደለም የጎደለው። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ከትምህርቱ በፊት ቢበዛ አምስት ቃል ሰሌዳው ግራ ላይ፣ በሁለቱም ቋንቋ። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ መጀመሪያ ለታሪኩ፣ ሁለተኛ ለተጠየቀው ነገር። ከጎረቤት ጋር በአማርኛ ይወያዩ፣ መልሱን በእንግሊዝኛ ይጻፉ። ለፈተና የሚፈለገው መጻፉ ነው፤ ማሰቡ በየትኛውም ቢሆን ምን ቸገረን? በሥዕል ሲብራራ ደግሞ የክፍሎቹ ስም ሥዕሉ ላይ ይለጠፍ። 1፣ 2፣ 3 ብሎ ቁጥር ሰጥቶ ከታች መዘርዘር ልጁን በሁለት ቦታ መሀል ያመላልሰዋል።


ቧንቧ_ውሃ (ማታ 2:10)

ከታች ክፍል አንድ ነገር። 1ኛ ክፍል ላይ «ሀ ሁ ሂ» በዜማ የሚዘልቁ ልጆች ተራውን ነው የሚያውቁት፣ ፊደሉን አይደለም። መሀል ላይ «ሜ»ን ብትጠቁሙ ከ«መ» ጀምረው ቆጥረው ይደርሱባታል። 33 ቤት በሰባት 231 ነው፣ ይህን ሁሉ በተራ መሸምደድ ልጁን ያደክመዋል። ምልክቱን ያስተምሩ፦ ካዕብ ቀኝ ጎኑ መሀል ላይ ትቀጠላለች፣ ቡ፣ ሉ፣ ሙ፣ ሱ፤ ሳልስ እግር ላይ፣ ቢ፣ ሊ፣ ሚ፣ ሲ፤ ኃምስ እግር ላይ ትዞራለች። ሩ እና ሪ ከደንቡ ይወጣሉ፣ ለብቻ ይሰጡ። ሳድስ ደንብ የላትም፣ ጊዜ ይፈልጋል። የሚመሳሰሉትን፣ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ በአንድ ቀን አያስተምሯቸው፤ አንደኛዋ እስክትጸና ቢያንስ ሳምንት ይለፍ። በየቀኑ ከተራ ውጭ አሥር ፊደል መጠቆም፣ በቃ።


ቦርከና (ማታ 2:25)

አንዱ በማየት፣ አንዱ በመስማት፣ አንዱ በመንካት ይማራል የሚባለውስ? ለሦስቱም ለየብቻ ይዘጋጅ?


ጦሳ_ግርጌ (ማታ 2:30)

አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2008 ፓሽለርና ባልደረቦቹ ማስረጃውን አገላብጠው ልጅን በ«ዓይነቱ» ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ነገር አጡ። የሚታየውን ለሁሉም ማሳየት፣ የሚሰማውን ለሁሉም ማሰማት።


ኮምቦልቻ_70_30 (ማታ 3:15)

የቴክኒክና ሙያ ሰው ነኝ፣ ስፌት። እኛ ጋ 70 በመቶው ተግባር ነው ይባላል፤ ተግባር መሆኑ ብቻውን ግን አያስተምርም። ሰልጣኝ ቀኑን ሙሉ ቀጥ ያለ ስፌት ሰፍቶ ማሽኑ ሲያስቸግር ቴክኒሺያን ይጠራል።

አንድን ሥራ ስናሳይ አራት ዙር ነው። መጀመሪያ በመደበኛው ፍጥነት፣ ያለ ንግግር። ሁለተኛ ቀስ ብሎ፣ እያብራሩ። ሦስተኛ አሰልጣኙ ይሠራል፣ ሰልጣኙ ቀጣዩን እርምጃ ይናገራል፤ ካልተናገረ እጅ አይንቀሳቀስም። አራተኛ ራሱ ይሠራል። ብዙዎች ሦስተኛውን ይዘልሉታል፣ ዋናው ግን እሱ ነው፤ ክርም መርፌም ሳይበላሽ ስህተቱ የሚሰማው እዚያ ነው።

መደባለቅ የተባለው ለእኛም ይሠራል። አምስት ማሽን ሆን ተብሎ ይበላሻል። አንዱ ላይ የላይኛው ክር መወጠሪያ ይላላል፣ ከጨርቁ ሥር ክሩ ይንጠለጠላል። ሌላው ላይ መርፌው ተገልብጦ ይገባል፤ በባለ አንድ መርፌ ማሽን ረጅሙ ጎድጓዳ መስመር ወደ ግራ መዞር ሲገባው ወደ ቀኝ ዞሯል፣ ስፌቱ ይዘልላል ወይም ጭራሽ አይይዝም። ሌላው ላይ መወጠሪያው ይጠብቃል፣ ክር ይበጥሳል። ሰልጣኙ ከመንካቱ በፊት ምልክቱን አይቶ ምክንያቱን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ሳይጽፍ ከነካ ሁሉንም እየነካካ በዕድል ያገኘዋል፣ ምንም አይማርም።


ሐረጎ (ማታ 3:40)

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለሒሳብም ትሁን። ጦሳ ግርጌ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን አንግባባም፦ ሁልጊዜ ምሳሌ ይቅደም የሚሉት። ጥያቄው ጥሩ ከሆነ ልጆቹ አሥር ደቂቃ ተፍጨርጭረው ቢወድቁበት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ማብራሪያ ቦታ ያገኛል።


ጦሳ_ግርጌ (ማታ 3:55)

ለተፍጨረጨሩበት ነገር መሠረቱ ካላቸው። ክፍልፋይ ለጎደለው ልጅ አሥር ደቂቃ መፍጨርጨር አሥር ደቂቃ ጣሪያ ማየት ነው። 62 ልጅ ውስጥ ማን መሠረት እንዳለው ከ7ቱ ደቂቃ ጥያቄ በኋላ ያውቃሉ፤ ያኔ ይምረጡ።


ሐረጎ (ማታ 4:00)

በእሷ ላይ ጨርሼ አልተስማማሁም፣ ይቆየን።


ጠመኔ_አራዳ (ጥቅምት 13፣ ማታ 1:50)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ የመቶኛ ትምህርት ይጀመራል። አራቱን የመግቢያ ጥያቄ እንዲህ አወጣኋቸው፤ እዩልኝ። 1. ከትናንት፦ 5/6 − 1/4። 2. ካለፈው ሳምንት፦ 16/64ን አቃልሉ። 3. ካለፈው ወር፦ −3 − (−5)። 4. ለዛሬ መሠረት፦ የ800 ብር ሩብ ስንት ነው? መውጫ ወረቀቱ፦ 800 ብር የነበረ ዕቃ 25 በመቶ ጨመረ፣ ከዚያ በአዲሱ ዋጋ ላይ 25 በመቶ ቀነሰ፤ አሁን ስንት ነው?


ሐረጎ (ማታ 2:05)

መውጫዋ ጥሩ ናት። 750 የመታ፣ 800 «ጨምሮ ቀነሰ፣ ተመለሰ» ያለ፣ 1000 መንገድ ላይ የቀረ፣ 600 የመጀመሪያውን የረሳ። ክምሩ ራሱ ይለያል። ግን ለመጀመሪያ ቀን ከባድ ናት፤ ሰኞ «የ800 25 በመቶ» ትበቃለች፣ ይህችን ለረቡዕ ይያዟት።


ጦሳ_ግርጌ (ማታ 2:20)

ሁለተኛዋን ይቀይሩ። 16/64 ላይ ሁለቱን 6 በጭረት የሚያጠፋ ልጅ 1/4 ያገኛል፣ ትክክለኛው መልስም 1/4 ነው። በተሳሳተ መንገድ የመጣውን ከደረሰው ለይተው አያዩትም። 12/32 ያድርጉት፤ ሁለቶቹን ያጠፋ 1/3 ይጽፋል፣ ያቃለለ 3/8። ሦስተኛዋ ትቆይ፣ −8 የሚጽፈው ስንት እንደሆነ ቁጠሩልን።